ስማችንን ያላወጡት መምህር ይርሳው

መምህር ይርሳው ማረፋቸውን የሰማሁት ይፋግ ገበያ ላይ ድስቶቼን ከገለባው እያወጣሁ ሳለ ነው። የልጅ ልጄ እንጉዳይ ከወረታ ደወለችና «አያቴ፣ ተቀመጪ» አለችኝ። «ተቀምጫለሁ፤ ተናገሪ» አልኳት። ለቅሶዋን ስሰማ ማን እንደሆነ ገባኝ። ከባሕር ዳር ሆስፒታል ተሽሏቸው ይመለሳሉ ብለን የምንጠብቀው እሳቸውን ነበርና። ያን ቀን ድስቶቼን መልሼ ከገለባው ከተትኩ።

ይህን የምጽፈው ለምታውቋቸው ሁሉ ነው፤ አብረዋቸው ለሠራችሁ፣ ላስተማሯችሁ፣ ለጎረቤቶቻቸው። በቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ የተወለዱበትና የተማሩበት ተነግሯል። እውነት ነው። የፈተናውን ጠዋት ግን ማንም አላነሣውም። እኔ አነሣዋለሁ።

እኛ ሸክላ ሠሪዎች ነን። ሰው እንስራችንን ይገዛል፤ በቤታችን ግን ውሃ አይጠጣም። ይህ ድሮ ቀርቷል የሚለኝ ካለ ይምጣና ይጠጣ። መምህር ይርሳውን ያወቅኋቸውም በዚሁ ነው። ድስት ሊገዙ መጥተው ፀሐይ ስለበረታባቸው ውሃ ለመኑኝ። እኔ በምጠጣበት ቀድቼ ሰጠኋቸውና ዓይን ዓይናቸውን አየሁ። ጠጡ። ድገሙኝ አሉ። አጠገባቸው የቆመው ሰው «መምህር፣ ከሱቁ ውሃ ነበር እኮ» ቢላቸው «እዚህም አለ» አሉት። ከዚያ ወደ ድስቱ ዞረው ክዳኑ አይገጥምም ብለው ተሟገቱኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ለወጥኩላቸው።

ሥራቸው ወረታ ባለው የሙያ ማሠልጠኛ ኮምፒውተሮቹንና ኢንተርኔቱን መጠበቅ ነበር። ቀድሞ እዚያ ሁሉም በአንድ የይለፍ ቃል ይገባ ነበር። ቃሉን ማን እንደሚያገኝ የሚወሰነው ፊት ታይቶ ነው። ከሸክላ ሠሪው ማኅበራችን ሄደው የሚማሩት ልጆች ሲጠይቁ «መስመሩ ተጨናንቋል፣ ሌሎቹ ይጨርሱ» ይባላሉ። መምህር ይርሳው ይህን ሲያውቁ እያንዳንዱ ተማሪ በገዛ ስሙ የሚገባበትን አሠራር ዘረጉ። ለእኔም ሲያስረዱኝ እንዲህ አሉ፦

«ሰርቨሩ በረኛ ነው፣ እማማ። ስሞቹ ግን እሱ ዘንድ የሉም። ክላውድ በሚሉት፣ በኢንተርኔት ማዶ ባለ መዝገብ ነው የተቀመጡት። አንድ ሰው ልግባ ሲል በረኛው መዝገቡን ይጠይቃል። መዝገቡ አውቀዋለሁ ካለ ይከፈትለታል።»

«ፊት አያይም?»

«ፊት አያይም።»

«እንግዲያውስ ከእናንተ ይሻላል» አልኳቸው። ሳቁና «እሱንም የሚያዘው ሰው ነው፤ አጥብቀው አይመኑት» አሉኝ።

አልተሳሳቱም። ፈተና ሲደርስ የማሠልጠኛው ኃላፊ የእኛን ልጆች ስም «እንግዶች» በሚል ምድብ ለብቻ እንዲያስቀምጡ አዘዟቸው። እንግዳ የተባለው የሚገባው ሌላው ከጨረሰ በኋላ ነው። መምህር ይርሳው ግን ልጆቻችንን ከሌሎቹ ተማሪዎች ጋር በአንድ ምድብ አስገቧቸው። ሞከሩት፤ ሠራ። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ መብራት ሄዶ ተመለሰ።

በማግስቱ ከእንጉዳይ ጋር የሄድኩት ልጣላ ነው። ልጆቻችን ለብቻ ሊቀመጡ ነው የሚለው ወሬ ደርሶኝ ነበር። ፈተናው በኢንተርኔት ይመጣል፤ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ክፍት ነው። ያመለጠው ዓመት ይጠብቃል። እንጉዳይ ደግሞ የምትጠብቀው ዓመት አልነበራትም። አባቷ «ዘንድሮ ካላለፍሽ ታገቢያለሽ» ብሎ ከሰው ጋር ቀጠሮ ይዞባታል።

ስንደርስ ግቢው ታውኳል። የማንም ስም አይገባም፤ የተማሪውም፣ የመምህሩም፣ የኃላፊውም። በረኛው ሁሉንም ይመልሳል።

«ትናንት ይሠራ አልነበር?» አሉ ኃላፊው። «ከትናንት ወዲህ ምን ተለወጠ?»

በሩ ላይ ከታጨቁት ተማሪዎች አንዷ ድምጿን እንኳ ዝቅ ሳታደርግ «የተለወጠውማ ይታወቃል፤ የእነሱ ስም ገባ» አለች።

«ዓይናቸው ማሽንም አይምር!» አለ ሌላው። ሳቅ ሆነ።

ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅሁ። «በእንስራችን ስትጠጪ ሆድሽ ደህና ነው፤ ስማችንን ስታይ ነው የሚያምሽ?» አልኳት። አንገቷን ደፋች። ኃላፊው ግን አንዳቸውንም አልገሠጹም። ወደ መምህር ይርሳው ዞረው «የሸክላ ሠሪዎቹን ስም አውጣና ሞክር፤ ሰዓቱ እየሄደ ነው» አሉ። ወትሮ አንቱ ይሏቸው ነበር።

መምህር ይርሳው ከወንበራቸው አልተነሡም። «ማውጣቱን አወጣለሁ። ካወጣሁ በኋላ በሌላ ምክንያት ተስተካክሎ ቢሠራስ፣ ምን ይባላል?»

«ይሥራ እንጂ የፈለገው ይባል!»

«የሚባለውን ዕድሜዋን ሙሉ የምትሸከመው ይህች ልጅ ናት። ምክንያቱን ሳላውቅ ሰው አላወጣም።»

«ተጠያቂው አንተ ነህ!»

«ነኝ» አሉ፤ ወደ ማሽኑም ተመለሱ።

ገመዱን አዩ፤ ደህና ነው። ኢንተርኔቱም ይሠራል። መዝገቡን በስልካቸው ከፈቱት፤ ስሞቹ ሁሉ በየቦታቸው አሉ። እንግዲህ በረኛውና መዝገቡ ሁለቱም ደህና ሆነው ሳለ አይነጋገሩም። የእስክሪብቶ ክዳን በጥርሳቸው ነክሰው የማሽኑን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ያነባሉ፤ ይመለሱና እንደገና ያነባሉ። አምስት ሰዓት ሆነ። ተማሪዎቹ መሳቁን ትተው እኛን እያዩ ማጉረምረም ጀመሩ። ያ ከሳቁ ይከፋ ነበር። የእንጉዳይን እጅ ያዝኩ።

«አያቴ፣ ያውጡት» አለችኝ። «ሁሉም በእኔ ከሚወድቁ ስሜን ያውጡት።»

እኔ ሳልመልስላት መምህር ይርሳው ራሳቸውን ሳያዞሩ «ቆይ፣ እንጉዳይ፤ መጀመሪያ እንይ» አሏት።

ያኔ ከማሽኑ ላይ አንድ ቃል ጮክ ብለው አነበቡ። በረኛውና መዝገቡ ሲገናኙ መዝገቡ ማንነቱን የሚያሳይበት ማረጋገጫ አለው፤ ማረጋገጫው ከመቼ እስከ መቼ እንደሚሠራ ቀን ተጽፎበታል። «ቀኑ ገና አልደረሰም ይላል» አሉ። «አለፈበት ቢል በገባኝ። ገና እንዴት ይላል?»

ዓይናቸው ወደ ማሽኑ ቀን ሄደ። ቀኑ ልክ ነበር። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የበዓላት ካሌንደር ጋር ወሩም ዓመተ ምሕረቱም አንድ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ስንቱ የተማረ ሰው አይቶት አልፏል፤ እሳቸውም ጭምር። ልክ የሆነን ነገር ማን ይጠረጥራል? ድንገት ሳቁ። አበዱ ብዬ ደነገጥኩ።

«ይህን ማሽን ማን ነው ክርስትና ያነሣው?» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽኑ ቀኑን ስቶ ተነሥቷል። አንድ ሰው ደግ አስቦ በግድግዳው ካሌንደር አስተካክሎታል። ለእኛ ልክ ሆነ። ማሽኑ ግን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነውና ዓመታት ወደ ኋላ ተመለሰ። የመዝገቡ ማረጋገጫ ገና ያልተሰጠ ሆኖ ስለታየው አላምንም ብሎ በሩን በሁሉም ላይ ዘጋ። መምህር ይርሳው ቀኑን ቀየሩ፤ አጥፍተው አስነሡት። «እንጉዳይ፣ አንቺ ቅደሚ» አሏት። ስሟን ጻፈች፤ ተሳሳተች። ደገመች። ተከፈተላት። ከዚያ ሁሉም ገባ።

የማሠልጠኛው መዝገብ ቤት ሠራተኛ አቶ ፈንታሁን ከኋላ ወደፊት መጥተው «ቀኑን የነካሁት እኔ ነኝ፤ የተሳሳተ መስሎኝ ነው፤ ይቅርታ» አሉ። በእሳቸው ቂም የለኝም። ስማችንን አውጣ ያሉት ኃላፊ ግን ይቅርታ ሳይጠይቁ ወደ ቢሯቸው ሄዱ። እኔም መምህር ይርሳውን በሩ ላይ ይዤ «ምክንያቱን አገኙት፤ የተባልነውንስ ማን ያነሣልናል?» አልኳቸው።

«አሁን ልጆቹ ይፈተኑ፣ እማማ። ሰው ሲያፍር ጊዜ ይሰጠዋል።»

«እኔስ ጊዜ ማን ሰጠኝ?»

በዚህ ነገር እስከ መጨረሻው አልተስማማንም። በገበያ ባገኘኋቸው ቁጥር «ኃላፊው አፈሩ ወይ?» እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም «በመንገድ ላይ ናቸው» ይሉኛል። እንጉዳይ ፈተናውን አለፈች። አባቷም ሄዶ ቀጠሮውን አፈረሰ።

ከቀብሩ በኋላ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ኃላፊው አጠገቤ መጡ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ሐዘናቸው የእውነት ነበር። ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው «እማማ፣ ያን ቀን ተናድጄ ነበር» አሉኝ።

«መናደድዎንማ አይቻለሁ። ይቅርታዎን ነው ያላየሁት።»

«አሁን እኮ እየነገርኩዎት ነው።»

«የዚያን ቀን የተናገሩት ጮክ ብለው ነው፤ በሰው ፊት።»

ድንኳኑን ዞር ብለው አዩት። ሰው ሞልቷል። በሰዉ መካከል አልፈው ወጡ።

መምህር ይርሳው፣ ሰውየው መንገድ ላይ ናቸው ያሉኝ ውሸት አልነበረም፤ እስከ ጆሮዬ ደርሰዋል። እስከ ሕዝቡ ግን ገና ናቸው። እርስዎ ትዕግሥት ነበረዎት፤ እኔ የለኝም፤ ለዚህም ይቅር እንዲሉኝ አልለምንዎትም። እኛ አፈርን በእጃችን እናውቀዋለን፤ የሚከብደውንም የሚለሰልሰውንም። በላይዎ ያለው አፈር ተነፍቶ እንደለሰለሰው ይሁንልዎ። የልጆቻችን ስም ከሰው ሁሉ ጋር በአንድ ምድብ አለ፤ ትናንትም እንጉዳይን ጠይቄአታለሁ። የቀረውን ይቅርታ እኔ አስጠይቃለሁ። እርስዎ ይረፉ።