ከአንሶላው ሥር ያለው ላስቲክ

ባለቤቴ ሶፋ ጠጋኝ ነው። የተቀደደውን ጨርቅ ገፎ፣ የተጣበቀውን ስፖንጅ አውጥቶ እንደ አዲስ ያለብሰዋል። የሥራ ክፍሉና መኝታ ቤታችን በአንድ ግድግዳ ስለሚዋሰኑ መዶሻውን ሲመታ የአልጋችን ራስጌ ይንቀጠቀጣል። ልጆቻችን ትዳር ይዘው ከወጡ ወዲህ ቤቱ ውስጥ የቀረው ድምፅ ያ ነው። ዝም ካለብኝ ሄጄ አየዋለሁ።

ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ከልጅ ልጄ ጋር ነው። ባለቤቴ ከሐኪም ቤት ያመጣውንም ወረቀት፣ እሱ መነጽሩን እስኪያገኝ ብዬ እኔው አነበብኩለት። «ፕሮስቴት» የሚለው ላይ ስደርስ ተደናቀፍኩ።

«ቀስ በይ፣ አንቺ ሴትዮ፤ የትም አይሄድብሽም» አለኝ። ካንሰር የሚለውን ሳነብ ግን፣ «ዕድሜዬን ሙሉ የሰው መቀመጫ ስጠግን ኖሬ የራሴ ተበላሸ በይኛ» አለ። ሳቅን። ከዚያ በኋላ አብረን ሳንስቅ ብዙ ቆየን።

ለጨረር ሕክምናው ይመላለስ ጀመር። ታካሚዎቹ ማሽኑ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ብዙ ውሃ ጠጥተው፣ ሽንታቸውን ይዘው ተራ መጠበቅ አለባቸው። ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር የወንዶቹ ነበር። እኔ ከመስታወቱ በር ወዲህ ተቀምጬ አያቸዋለሁ። አንዱ መቁነጥነጥ ሲጀምር ሌላው ወሬ ያመጣለታል። ዋናው ቀልደኛ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር።

«ጋሼ፣ ይቺን ፌርማታ ብቻ ይታገሡኝ፤ ቀጣዩ ላይ አወርድዎታለሁ» ሲለው ባለቤቴ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ያንን ሳቁን ቤት ይዞት አይመጣም ነበር።

ሕክምናው ሳይጋመስ መኝታውን ወደ ሥራ ክፍሉ አዛወረ። አንድ ደንበኛ አሠርቶ ሳይወስደው የቀረ፣ ላስቲክ የለበሰ ረጅም ሶፋ አለ፤ እዚያ ላይ ይተኛል። ምን ሆነህ ነው ስለው፣ «ወገቤን ነው፤ አልጋው አልተስማማኝም» አለኝ። አልጋውን የሠራው ራሱ ነው። ሰለቸሁት መሰለኝ፤ በዚህ ዕድሜ ይህን ማንን ይጠይቁታል?

ሕክምናውን ሲጨርስ ሐኪሙ፣ «አባባ፣ አሁን በሽታው አይታይም፤ ግን እየመጡ ይመርመሩ» አለው። ይመለሳል ብዬ ትራሱን አዲስ ልብስ አለበስኩት። አልተመለሰም። ይባስ ብሎ ጠዋት ጠዋት ወደዚያ ኮሪደር መሄዱን ቀጠለ።

«ጨርሰህ የለም እንዴ?» አልኩት።

«ሹፌሩ አልጨረሰም» አለኝ።

አንድ ቀን ሹፌሩን ከቤቱ ይዞት መጣ። ሁለት ቀን ከሕክምናው ቀርቶ ኖሯል። ሥራ ክፍል ገብተው በሩን ገርበብ አደረጉት። ሻይ ይዤ ስደርስ የሹፌሩ ድምፅ አቆመኝ።

«ጋሼ፣ ከእንግዲህ አልሄድም። አግዳሚው ላይ ሰው እያየኝ አመለጠኝ። ቤት ገብቼ ሱሪዬን ተደብቄ ሳጥብ ሚስቴ ደረሰችብኝ። ውሃ ፈሰሰብኝ አልኳት።»

ባለቤቴ የሶፋውን ላስቲክ መታ መታ ሲያደርግ ሰማሁ። ከዚያ፣ «የተቀመጥክበት ሶፋ አልጋዬ ነው» አለው። «ላስቲክ ስለሆነ ይጠረጋል። ሕክምናው ካለቀም በኋላ ማምለጡ ጨርሶ አልተወኝም፤ እየቀነሰ ነው እንጂ።»

«እትዬ ያውቃሉ?»

«እሷ ወገቤን መስሏታል።»

ሁለቱም ሳቅ አሉ።

«ነገ አብረን እንሄዳለን» አለው ባለቤቴ። «ካመለጠህ ተነሥቼ ፊትህ እቆማለሁ። ወፍራም ነኝ፤ ማንም አያይህም።»

ወደ ማድ ቤት ተመለስኩ። ከዚያ እያሳልኩ፣ ጫማዬን መሬት ለመሬት እየጎተትኩ እንደ አዲስ መጣሁ። ስላልጠላኝ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን ከፋኝ። ኮሪደር ላይ ላገኘው ሰው የነገረውን ልጆቹን ለወለድኩለት ለእኔ አልነገረኝም።

በማግሥቱ እነሱ ሲወጡ ሥራ ክፍሉ ገባሁና ሶፋ ከሚያለብስበት ጥቅልል ላስቲክ ቆረጥኩ። በእሱ በኩል ከአንሶላው ሥር አነጠፍኩት። ከሥራ ክፍሉም ብርድ ልብሱን አምጥቼ አልጋው ላይ አጠፍኩለት። ማታ ብርድ ልብሱን ፍለጋ ሲገባ፣ አንሶላውን ገለጥ አድርጎ ላስቲኩ ላይ እጁን ሲያሳርፍ አየሁት። እኔን ግን አላየኝም። ብርድ ልብሱን ይዞ ወጣ።

ጠዋት ከማድ ቤት ስመለስ ላስቲኩ ከአንሶላው ሥር አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ሹፌሩ ደወለ። «እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ ላስቲኩን ዙሪያውን በጨርቅ ሰፍተው ሰጡኝ። እርስዎ እንደ ቆረጡት ነግረውኛል። ለባለቤቴም ሁሉንም ነገርኳት፤ ሕክምናውንም አላቋርጥም።»

«ይማርህ፣ ልጄ» አልኩት። ስልኩን ዘግቼ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ባዶው በኩል ተቀመጥኩ። ሹፌሩ ለሚስቱ ነገራት። የእኔው እዚያው ከግድግዳው ማዶ ነው።

እሑድ ከምሳ በኋላ የስፌት መኪናው ሲንኳኳ ሰማሁ። እሑድ አይሠራም። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ላስቲክ፣ ጠርዙ በለስላሳ ጨርቅ የተሰፋ፣ ተሸክሞ ገባ።

«ያኛውን ጠማማ አድርገሽ ነበር የቆረጥሽው» አለኝ።

«መቀስህ ደንዟል።»

አንሶላውን ገልጦ ራሱ አነጠፈው። ጫማውን አውልቆ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተጋደመ። ገና ሲተኛ ላስቲኩ ተንኮሻኮሸ።

«ድምፅ አለው» አለ።

«መዶሻህን የቻልኩ ሰው ነኝ።»

ስለ ሹፌሩ ያወራኝ ጀመር፤ ኮሪደሩ ላይ ምን እንዳለ፣ ማንን እንዳሳቀ። ወደ ራሱ ጉዳይ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ወሬው መሀል ላይ እንቅልፍ ወሰደው።

ስለ ራሱ እስከ ዛሬ አልነገረኝም። እኔም በሩ ላይ ቆሜ እንደ ሰማሁት አልነገርኩትም። በተገላበጠ ቁጥር ላስቲኩ ይንኮሻኮሻል፤ ጀርባው ወደ እኔ ነው፤ እኔ ነቅቼ እሰማዋለሁ።