ጋሪው እኔን ጥሎ ሄደ

አማቴ ከአዲስ አበባ ሮም ድረስ የመጡት የልጅ ልጃቸውን ለማቀፍ ነበር። ትንሿ ልጄ ግን ከጣልያንኛ በቀር አትናገርም፤ እሳቸው እጃቸውን በዘረጉ ቁጥር ከኋላዬ ትደበቃለች። ሴትዮዋ በጣም ከፋቸውና «ቶሎ ብመለስ ይሻላል» ማለት ጀመሩ።

እሑድ ዕለት ምናልባት ያግባባልኝ እንደሆነ ብዬ ሁለቱንም ቪላ ቦርጌዜ መናፈሻ ወሰድኳቸውና የፈረስ ጋሪ ላይ አወጣኋቸው። «እማማ፣ አንዴ ውሃ ልግዛ» ብዬ ወረድኩ። ጠርሙሱን ይዤ ዞር ስል ጋሪው የለም!

ለካ ባለጋሪው «እንሂድ?» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ አማቴ የሚያውቋትን አንዲት የጣልያንኛ ቃል «ቫ ቤኔ!»፣ እሺ ማለት ነው፣ ብለው መልሰውለት ኖሯል። ስልካቸው ደግሞ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። የፈረስ ኮቴ በሰማሁበት ሁሉ እየሮጥኩ የሌላ ሰው ጋሪ አስቆምኩ፤ የተሳፈሩት ቤተሰቦች አፍጥጠው አዩኝ። ለባሌስ ምን ብዬ ልደውል? እናትህንና ልጅህን ፈረስ ይዟቸው ሄደ ልበለው?

እያለቀስኩ ወደ ተነሳንበት ቦታ ስመለስ፣ ጋሪው ከዛፎቹ መሃል ቀስ እያለ ብቅ አለ። «ተመስገን!» ብዬ እየጮህኩ ወደ ጋሪው ሮጥኩ።

«አንቺ ልጅ፣ የት ጠፍተሽ ነው? ስንፈልግሽ ነበር እኮ!» ብለው አማቴ ተቆጡኝ።

ልጄ ጭናቸው ላይ ተቀምጣ በነጠላቸው ተጠቅልላለች። ልሳፈር እግሬን ሳነሳ፣ እጇን ዘርግታ በጣልያንኛ ከለከለችኝ፦

«ማማ፣ አንቺ እዚሁ ጠብቂን። እኔና አያቴ ገና አልጨረስንም።»