ሰርቨሩን ያለበስኩት ዳንቴል

እሑድ ጠዋት ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ በጽዳት የምሠራበት ኮሌጅ ጭር ይላል። ዘበኛው በር ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ኮሪደሩ ላይ ከኔ መጥረጊያ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። መጀመሪያ ጎንደር እንደገባሁ ይህን ጭርታ እፈራው ነበር። በኋላ ግን በወር አንድ እሑድ፣ አንዳንዴም ሁለት፣ የምናፍቀው ቀን ሆነ። የኮሌጁን ኔትወርክ የሚጠብቁት ሰው ቅዳሴ አስቀድሰው፣ ነጠላቸውን ሳያወልቁ የሚመጡት በዚያ ቀን ነበርና።

እኔ አያ እላቸው ነበር። ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ይጠጋል። ልጅ ሳሉ የቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ ኮምፒውተር የተማሩት ዜማውን ከተማሩ በኋላ ነው። ዛሬም የሚያገለግሉበት ደብር አለ።

እኔ ከጎንደር ወጣ ያለችው የገጠር ከተማ፣ የኮሶዬ ልጅ ነኝ። ስድስተኛ ክፍል ስጨርስ እናቴ ታመመች፤ ትምህርቱ እዚያው ቀረ። አሁን የከተማው ዳር፣ አዘዞ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቼ በሚኒባስ እመላለሳለሁ። ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። "ወራጅ አለ" ማለት አፍሬ፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ ስጠብቅ ከሰፈሬ አልፌ በእግሬ የተመለስኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው።

የሰርቨሩ ክፍል ከኮሪደሩ መጨረሻ ነው። ስለማጸዳው ቁልፉ እኔ ዘንድ ነበር። ጠረጴዛ ላይ ሻንጣ የሚያህል ጥቁር ማሽን ቆሟል፤ ቀንም ሌትም ያጉረመርማል። ምሳዬን የምበላው እዚያ ደፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። አጠገቤ ድምፅ ያለው ነገር ሲኖር ብቻዬን የበላሁ አይመስለኝም።

አንድ ቀን ደፍሬ፣ "አያ፣ የዚህ ሥራው ምንድን ነው?" አልኳቸው።

"ቤት ጠቋሚ ነው" አሉኝ። "ኮምፒውተር ስም አያውቅም እቴ፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ሰው ደግሞ ቁጥር አይዝም። አንዱ ተማሪ የባንኩን ስም ሲጽፍ ይኼ መካከል ይቆምና፣ ቁጥሩ ይኼ ነው፣ በዚህ ሂድ ይለዋል። ዲኤንኤስ ይሉታል።"

ይኼ ወዲያው ገባኝ። አዘዞ መጀመሪያ የመጣሁ ቀን የማውቀው የአክስቴን ወዳጅ ስም ብቻ ነበር። ሚኒባሱ መቆሚያ ላይ ቆሎ የምትሸጥ ሴት፣ "በዚህ ገብተሽ ሦስተኛው ቆርቆሮ በር" ብላ ጠቆመችኝ። ይህን ነገርኳቸው።

"ያቺ ሴት ዋሽታሽ ቢሆንስ?"

"የማላውቀው ሰው ቤት እገባ ነበር።"

"ሌባ ቤትም ቢሆን። ይኼም ፕሮግራሙ በሰው እጅ የተጻፈ ነውና ቀዳዳ አያጣም። በቀዳዳው ገብተው ውሸት ያስተምሩታል። ተማሪው ባንኩ የገባ መስሎት ሌባ ቤት ይገባል፤ ምስጢሩንም በገዛ እጁ ይሰጣል። ቀዳዳ በተገኘ ቁጥር ሠሪዎቹ መጣፊያ ይልካሉ፤ አፕዴት የሚሉት እሱን ነው። እኔ እሱን እሠፋለሁ።"

ሲሠፉ ለጥቂት ጊዜ በግቢው ውስጥ ምንም ገጽ አይከፈትም። ለዚህ ነው እሑድን የመረጡት።

አያ አንድ ትእዛዝ እንኳ ብቻቸውን ጽፈው ወደ ማሽኑ አይልኩም ነበር። "ብራና ላይ የጻፈ ሰው የጻፈውን ራሱ አያርመውም" ይላሉ። "የገዛ ስሕተት ለገዛ ዐይን አይታይም።" ስለዚህ ትእዛዞቹን አስቀድመው በእጃቸው ወረቀት ላይ ያሰፍራሉ። ማሽኑ ላይ ከጻፉ በኋላ ወረቀቱን ለኔ ይሰጣሉ፤ እኔ ፊደል በፊደል አነባለሁ፤ እሳቸው የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ በጣታቸው ይከተላሉ።

"ኤን።"

"ኤን።"

"ኤ። ኤም። ኢ።"

"ኢ ብለናል።"

"ከዚያ ነጥብ።"

"ነጥብ። እሰይ!" ይሉና ይጫኑታል።

የማነበው ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ግን በወር ውስጥ ከአፌ የሚወጣውን የሚጠብቅ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። እናቴ ስትደውል፣ "ምን ትሠሪያለሽ?" ስትለኝ፣ "ቢሮ ውስጥ አነባለሁ" አልኳት። በሳምንቱ ኮሶዬ ያልሰማ ሰው አልነበረም።

የካቲት ላይ ከአጥራችን ማዶ ሕንፃ ሊሠሩ መቆፈር ጀመሩ። አቧራው በመስኮት ይገባል፤ ጠርጌ ሳልጨርስ መልሶ ይነጠፋል። አያ ማሽኑን በጣታቸው ነክተው፣ "የዚህ ዋና ጠላት አቧራ ነው" አሉ። ነገሩን ልብ አልኩት። በእኛ አገር ቴሌቪዥን ያለው ሰው ዳንቴል ያለብሰዋል፤ ራዲዮም፣ የዕቃ መደርደሪያም ይለብሳል። ክር ገዛሁ። ከሥራ ስመለስ ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ በኪሮሽ አንድ ወር ሠራሁት። የዳንቴሉ ቀዳዳ አቧራ እንዳያስገባ ብዬ በአቡጀዲ ገበርኩት። ለሰው ስጦታ ሠርቼ አላውቅም፤ የምሰጠውም ሰው አልነበረኝም።

የዚያን እሑድ አያ ፊታቸው ከብዶ መጡ። "የዛሬው ክፉ ቀዳዳ ነው። ወሬው ከተሰማ ቀናት አልፈውታል፤ ሌቦቹም ሰምተዋል" አሉ። ሁለት ገጽ ሙሉ አነበብኩላቸው። ሲጨርሱ ትክል ድንጋይ ከተማ ለቅሶ ነበረባቸውና ፈጥነው ሄዱ። ያኔ ዳንቴሉን ከቦርሳዬ አውጥቼ ማሽኑን አለበስኩት። እስከ ጠረጴዛው ድረስ በአራቱም በኩል ሸፈነው። ክፍሉ የሰው ቤት መሰለ። ቆልፌ ወጣሁ።

ሰኞ የምዝገባ ቀን ነበር። ጠዋት አንድ ሰዓት ስገባ ኮሪደሩ በተማሪ ተሞልቷል፤ "ኔትወርክ የለም" ይባባላሉ። ክፍሉን ስከፍት ጉርምርምታው የለም። ዳንቴሉን ስነካው ካውያ የጎበኘው ልብስ ይመስላል። ገፍፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ምን እንዳደረግሁ ገባኝ፤ ግን ሳላስበው ወደ ጥግ ሸሽቼ መጥረጊያዬን ያዝኩ።

አያ እየሮጡ ደረሱ። የአስተዳደር ኃላፊዋ ከኋላቸው ነበሩ።

"ትናንት ምን ነካክተው ነው?" አሉ ኃላፊዋ።

"አፕዴት ነው እመቤቴ። የግድ ነበር።"

"የግድ! የሚሠራን ነገር ማን ንኩ አልዎት? በሰንበት የተሠራ ሥራ ፍሬው ይኼው ነው!"

ተማሪዎቹ ሳቁ። የደብር አገልጋይ ሰንበት ሻሩ ሲባሉ የአያ ጆሮ ሲቀላ አየሁ።

"አሁን የትናንቱን ነቅለው ያውጡልኝ፤ ሌላ ወሬ አልፈልግም" አሉ ኃላፊዋ።

አያ ማሽኑን አብርተው፣ ሌላ ነገር ሳይሞክሩ ወደ አሮጌው መለሱት። ወዲያው ሠራ። ለሁሉም ሰው ጥፋተኛው አፕዴቱ እንደሆነ ታየ። አያ ግን የማሽኑን መዝገብ አንብበው፣ "በሙቀት ነው ራሱን ያጠፋው ይላል" አሉ። "ይኼ ክፍል ምን ሙቀት አለው?"

"ያ አፕዴት የሚሉት አተኩሶት ነዋ!" አሉ ኃላፊዋ። ከእንግዲህ ያለ እሳቸው ፈቃድ አንድም አፕዴት እንዳይነካ ከለከሉ። የአያ ውል በዚያ ወር ያልቅ ነበር፤ "ሐሙስ ስለ ውሉ እንነጋገራለን" ብለው ወጡ።

ቦርሳዬን ደረቴ ላይ ይዤ ቆሜ ነበር። 

ረቡዕ አያ የእሑዱን ወረቀት ይዘው መጡ። "እቴ፣ ስታነቢልኝ የዘለልሽው ፊደል ይኖር ይሆን? አልቆጣሽም።"

"የለም አያ።"

"እንግዲያ እኔ ነኝ" አሉ። ወረቀቱን ወደ ዐይናቸው አስጠጉ፣ አራቁ። "ዐይኔ ደክሟል ማለት ነው። ቀዳዳውን ከፍቼ፣ በሩ ላይ ሰው ሳይኖር ልሄድ ነው።"

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የዚያን ቀን ሚኒባሱ እንደ ልማዴ ከሰፈሬ አሳልፎኝ ሄደ። በአቧራው እየተመለስኩ፣ ብናገር ቁልፉ እንደሚወሰድብኝ፣ ምናልባትም እንጀራዬን እንደማጣ አሰብኩ። ባልናገርስ? አያ ይሄዳሉ፤ ከሄዱም ዐይናቸውን እያሙ ይኖራሉ። ቤቴ እስክደርስ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም።

ሐሙስ ኃላፊዋ ቢሮ ውስጥ ሁለቱም ተቀምጠው ሳለ በሩን አንኳኳሁ። ዳንቴሉን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"ይኼን እኔ ነኝ ያለበስኩት" አልኩ። "እሑድ። ጥፋቱ የአፕዴቱ አይደለም። የአያም አይደለም።"

ኃላፊዋ ድምፄን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም። "ማንን ነው ያለበስሽው?"

"ሰርቨሩን፣ እትዬ።"

ዳንቴሉን በሁለት ጣታቸው አንሥተው ገለበጡት። "አቡጀዲ ደግሞ ገበር! ምነው ልጄ፣ ብርድ ይመታዋል ብለሽ ነው?" ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

አያ አልሳቁም። ገበሩን በመዳፋቸው ዳሰሱት። "ትንፋሽ አሳጥቶት ነው" አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። "ታዲያ ምነው ሰኞ አልነገርሽኝም?"

ዳንቴሉን ከእጃቸው ተቀብዬ ማጠፍ ጀመርኩ። 

ኃላፊዋ ሳቃቸውን ጨርሰው፣ አፕዴቱ በመጪው እሑድ ይመለስ፣ ውሉም ይታደስ አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ። "ቁልፉን። ክፍሉን እሳቸው ባሉበት ታጸጃለሽ። ለንባቡም የተማረ ሰው አይጠፋም።"

"እሷ አንድ ፊደል አልሳተችም" አሉ አያ።

"አልሳተችም። ግን አለበሰችው።"

 ቁልፉን ከአንገቴ ክር ፈትቼ ሰጠሁ።

እሑድ መጡ። የዋናውን በር እኔ ከፈትኩላቸው። ፊደል ለማንበብ ብሎ ሰንበቱን የሚተው የተማረ ሰው አልተገኘም ነበርና ብቻቸውን ገቡ። የሰርቨሩ ክፍል በር ከውስጥ ተቆለፈ፤ ከሐሙስ ወዲህ የኃላፊዋ ትእዛዝ እንደዚያ ነበር። ኮሪደሩን እየወለወልኩ ድምፃቸውን ሰማሁ። አንድ ፊደል ያነባሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ ያንኑ ፊደል ዝቅ ባለ ድምፅ ለራሳቸው ይመልሳሉ። የሁለት ሰው ሥራ ለብቻቸው ይሠሩ ነበር። መካከሉ ላይ ያለው ዝምታ እኔን ይጠብቁበት የነበረውን ያህል ነው። ገጹን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ከዚያ ቃል ቀጥሎ ነጥብ ነው። አፌ ነጥብ አለ፤ ድምፅ ግን አልወጣኝም። ጉርምርምታው ቆመ፤ ወዲያው መልሶ ጀመረ።

ሲወጡ፣ "ተደፈነ" አሉኝ።

"እግዜር ይመስገን" አልኩ። ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ።

ዳንቴሉ አሁን ክፍሌ ውስጥ ነው። ቴሌቪዥን ስለሌለኝ የውኃ ጀሪካኑን አልብሼዋለሁ። እናቴ ስትደውል ዛሬም፣ "አሁንም ታነቢያለሽ?" ትለኛለች።

"አነባለሁ" እላታለሁ።