ጥይት የማይበሳው ቤት

ግንበኛውን ሰፈሩ የሚያውቀው «ጋሽ ቱንቢ» በሚል ቅጽል ስሙ ነው። ጦርነቱ ከተማው ደጃፍ ሲደርስ ጎረቤቱ ሁሉ መንገድ ላይ እያስቆመ «የኔ ግድግዳ ጥይት ይችላል?» ይለው ጀመር።

ሰውን መደለል አይሆንለትም። «ያንተ ብሎኬት ነው፤ ውስጡ ባዶ። የሽጉጥ ጥይት ምናልባት ያስቀር ይሆናል። ክላሽ ግን ሰተት ብሎ ነው የሚገባው። ተኩስ ስትሰማ መሬት ያዝ።»

ልቡ የሚያርፍበት አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ ለታላቅ እህቱ የሠራላት። ግድግዳው ጥርብ ድንጋይ፣ ውፍረቱ ክንድ ያህል። «ምሽግ ነው እንዴ የምትሠራልኝ?» እያለች ታሾፍበት ነበር።

አንድ ጠዋት ወታደሮች ሰፈሩን ያዙ። አዛዣቸው ግንበኛውን አስጠራው።

«ይሄን ሰፈር የገነባኸው አንተ ነህ አሉ። መትረየስ የማጠምድበት ቤት እፈልጋለሁ። ጥይት የሚችለው የቱ ነው?»

ቱንቢ ዓይኑን ከእህቱ ቤት አሸሸና ከመንገዱ ማዶ ያለውን፣ ባለቤቶቹ ጥለውት የሸሹትን የብሎኬት ቤት አሳየ። «ያ ነው። ውስጡን በኮንክሪት ሞልቼዋለሁ።»

«እሰይ! በል እንግዲያው ግባና ከጀርባው ቁም።»

ገፍተው አስገቡት። አዛዡ መጀመሪያ በሽጉጥ ተኮሰ፤ ልስኑ ረገፈ እንጂ ጥይቱ አላለፈም። ወታደሮቹ አጨበጨቡ። ቀጥሎ ክላሽ ሲያቀባብሉ ሰምቶ ሊያጎነብስ ሲል፣ «ቀጥ በል! በገዛ ሥራህ አታምንም እንዴ?» አለው አዛዡ በመስኮቱ።

ግድግዳው ተበሳ፤ የቱንቢም ጭን አብሮ። ወደቀ። ውጭ ወታደሮቹ ሲያስካኩ ይሰማዋል።

እህቱ ጩኸቱን ሰምታ «ወንድሜን! ወንድሜን ገደላችሁት!» እያለች ከቤቷ በረረች። አዛዡ እሷን ትቶ የወጣችበትን ቤት ያይ ጀመር። ሄዶ ድንጋዩን በሰደፍ ነካ ነካ አደረገው። ራቅ ብሎ ተኮሰበት፤ ትንሽ ፍንካች ብቻ ዘለለች።

«አሃ!» አለ።

እህቱንና ባሏን ያኔውኑ አስወጧቸው። ባልየው «ሰፈሩን ለቀን እንውጣ በቃ፣ አሳልፉን» ብሎ ለመነ። መንገዱ አሁን ገና ተዘጋ አሉት። «የት እንግባ ታዲያ?»

«ወንድሟ የመረጠው ቤት አለላችሁ።»

በማግስቱ ሌላው ወገን ድሽቃ ይዞ መጣ። የድንጋዩ ቤት ክላሹን እንደ ጠጠር ሲመልስ አርፍዶ፣ ድሽቃው አንዱን ቦታ ደጋግሞ ሲመታው ተሸነቆረ፤ ወታደሮቹ በጓሮ ሾልከው ሸሹ። የሳተው ጥይት ሁሉ ግን የብሎኬቱን ቤት እንደ ወረቀት ይበሳው ነበር። ሦስቱም መሬት ላይ ተለጥፈዋል። የቱንቢ ጭን እንደገና መድማት ጀመረ።

«እትዬ፣ እንዳትነሺ!»

«ዝም በል፣ ደምህ እኮ አለቀ» ብላ ሻሿን ልታጠብቅለት በጉልበቷ ቀና አለች። ግድግዳውን የበሳ ጥይት መታት፤ ደረቱ ላይ ተደፍታ ቀረች።

አዛዡ ዛሬም በሕይወት አለ ይባላል። ቱንቢ በክራንች ይሄዳል። ሌላ መጠጊያ ስለሌላቸው እሱና የእህቱ ባል አንድ ክፍል ውስጥ ይኖራሉ። አማችየው ምግቡን ያቀርብለታል፣ ቁስሉን ያጥብለታል። ፊቱን ግን አያየውም። አንድ ቀን ብቻ ፋሻውን እየቀየረለት፣ «እውነቱን ብትነግራቸው ኖሮ፣ መንገድ ሳይዘጋ ያን ጠዋት አባረውን ወጥተን ነበር» አለው።

አማችየው ፋሻውን አጥብቆ ቋጠረና ውሃውን ሊደፋ ወጣ።