ሳክስፎን ሰምታ ለቅሶ የደረሰችው እናቴ

ልጅ እያለሁ እናቴ ሳክስፎን ሰምታ ለቅሶ ደርሳለች። ብትስቁ አልቀየምም፤ እኔም ስንት ጊዜ ስቄያለሁ።

ዲቪ ደርሶን ላስ ቬጋስ ከገባን ሁለተኛ ሳምንታችን ነበር። ስፕሪንግ ቫሊ የሚባል ሰፈር የተከራየናት አፓርታማ ምንጣፏ የከረመ ሲጋራ ይሸታል። አንድ ማለዳ ከጎረቤት ረጅም፣ የሚያቃስት ድምፅ መጣ። አዲስ አበባ ሰፈራችን በዚያ ሰዓት የሚነፋው የእድር ጥሩምባ ብቻ ነው፤ ሰው ሲሞት። እናቴ ከአልጋዋ ተስፈንጥራ ወረደች።

"ጎረቤት ሞቶበት ዝም ይባላል እንዴ!" ብላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ከቤቱ ሰው በእንግሊዝኛ ትሻላለች የተባልኩትን እኔን፣ የስምንት ዓመቷን፣ ጎትታ ወጣች።

በሩን የከፈቱት ሚስተር ሬይ የሚባሉ ሰማንያ ያለፋቸው ሽማግሌ ነበሩ። ሳክስፎኑ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። የአፓርታማው ቢሮ "አንድ ሰው ቅሬታ ካቀረበ ከእንግዲህ አይነፉም" ብሏቸው ኖሮ፣ ከሳሽ መስለናቸው መሣሪያውን ማውለቅ ጀመሩ።

"እናቴ ማን ሞተ እያለች ነው" አልኳቸው።

እጃቸው ቆመ። "ኦርኬስትራችን" አሉ።

በወጣትነታቸው ስዊንግ የሚባለውን፣ ሰው እየተሽከረከረ የሚጨፍርበትን ጃዝ እየተጫወቱ በአውቶቡስ ያልዞሩት ከተማ የለም። ኋላ እዚህ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ሃያ ዓመት ከዘፋኞች ጀርባ ተቀምጠው ነፉ። ስማቸውን የጠራ አልነበረም። አንድ ቀን ሆቴሉ ኦርኬስትራውን በቴፕ በተቀዳ ሙዚቃ ተካው። አሥራ ሰባቱም ሙዚቀኞች መሣሪያቸውን ይዘው ወጡ፤ አይዟችሁ ያላቸው አንድ ሰው አልነበረም።

እኔ ተርጓሚዋ ይህን ሁሉ "ጓደኞቻቸው አለቁ፤ የገደላቸው ማሽን ነው" ብዬ ተገላገልኩት።

እናቴ ደረቷን ደቃች። ገብታ አጠገባቸው ተቀመጠችና "እግዚአብሔር ያጽናዎት በያቸው" አለችኝ። አልኳቸው። ሚስተር ሬይ ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው አለቀሱ። ሦስት ቀን ምሳ ይዛ ተመላለሰች። አባቴ ነገሩን አጣርቶ ሲስቅባት ግን አልሳቀችም። "ታዲያ ሥራ ሲሞት አይለቀስም?" አለችው። ሽማግሌውም እስከ ዕለተ ሞታቸው ማለዳ ማለዳ ነፉ፤ ከኛ ቤት ቅሬታ አልወጣም።

ዛሬ እኔ ራሴ ካዚኖ ውስጥ እሠራለሁ። ባለፈው ወር የእንግዳ መቀበያው በማሽን ተተካና ዘጠኝ ዓመት ከጎኔ የቆመች ባልደረባዬ ዕቃዋን በካርቶን ይዛ ወጣች። በስልክ "አይዞሽ" ብዬ ጻፍኩላት፤ ቀይ ልብም ጨመርኩበት። ቤቷ ከቤቴ በመኪና አሥር ደቂቃ ነው። እስካሁን አልሄድኩም።