የማይቸኩለው ዘፈን

አባቴ ከድንበሩ ማዶ፣ ከገላባት ያመጡት አሮጌ የሸክላ ማጫወቻ የተሠራው ለአሜሪካ መብራት ነው። ትራንስፎርመር ገዝተውለት ከመቃጠል ቢተርፍም፣ በእኛ መብራት እየተጎተተ ነው የሚዞረው። አብሮት በመጣው ሸክላ ላይ ያለው ሱዳናዊ ዘፋኝ ድምፁ ወፍሮ፣ እንቅልፍ እንደመጣበት ሰው ያዜማል። የሰሊጡ አጨዳ ያለቀ ለታ አባቴና እናቴ በዚያ ዘፈን ተቃቅፈው ይወዛወዙ ነበር። ማጫወቻውን ላስተካክልልህ የሚለኝ አይጠፋም፤ አላስነካም።

አባቴ ካረፉ በኋላ አንድ ቀን መተማ ዮሐንስ ባጃጅ ውስጥ ያው ዘፈን በትክክለኛ ፍጥነቱ ተከፈተ። እናቴ ተቆጣች።

«ምን አስቸኮለው? ማን እያባረረው ነው?»

«እማማ፣ ዘፈኑ እኮ እንዲህ ነው» አለ ባለባጃጁ እየሳቀ።

ቤት ስንገባ ሸክላውን ማጫወቻው ላይ አስቀመጥኩላት። መጎተት ሲጀምር ፊቷ ፈታ አለና እጇን ዘረጋችልኝ። ተነስቼ ያዝኳት።

«ቀስ በል» አለችኝ፤ «አባትህ አይቸኩልም ነበር።»