አባዬ ጁዶ የተማሩበት ዓመት

ትናንት የልጅ ልጄን ጁዶ ወደምትማርበት አዳራሽ ወስጄ ቁጭ ስል፣ የሚወድቁት ልጆች መዳፍ ፍራሹን ሲመታ የሰማሁት ድምፅ ወደ ልጅነቴ ከተማ ወደ ቢቸና መለሰኝ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። አባቴ በብዕራቸው ያሳደጉን የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ከሐረር ተመድበው የመጡት አስተማሪያችን ጭድ በተሞላ ጆንያ ላይ ጁዶ ሊያስተምሩን ሲጀምሩ፣ አባዬ ትከሻዬን ይዘው መጡና "እኔንም ያስተምሩኝ" አሏቸው።

"ለምን አባዬ?" አልኋቸው አፍሬ።

"ይኸ ትግል ዓይን አይፈልግም፤ እጅ ከያዘ ይበቃል።"

አልገባኝም።

አንድ ቀን ከእኔ ጋር ገጠሙ። ኮሌታዬን ጨብጠው ቀስ አድርገው ጣሉኝ። ሲያበቃ ተጋጣሚ ለተጋጣሚው እጅ ይነሣል። አባዬ ግን ዞረው ለባዶው ግድግዳ እጅ ነሡ። አስተማሪው አቀረቀሩ። የዓይናቸው ብርሃን እየሄደ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። የማደርገው ቢጠፋኝ ሮጬ በግድግዳውና በእሳቸው መካከል ቆምሁና እጅ ነሣሁ።

"አየሽ ልጄ፣ ቻልሁት!" አሉኝ፣ ከራሴ በላይ እየተመለከቱ።

"አየሁ አባዬ" አልኋቸውና እጃቸውን መልሼ ትከሻዬ ላይ አኖርሁት።

ትናንት የልጅ ልጄ ትምህርቷን ጨርሳ "እማማ፣ እንሂድ" ስትለኝ፣ ቶሎ መነሣት አቃተኝ።